መጦሪያ ቤት በምን ይመዘናል?
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በሾላ ገበያ ቅቤ የምትገዛ አንዲት ባለሞያ እመቤት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከላይ ያለውን ብቻ አይታ አትገዛም። በጣቷ ጫፍ ከመካከሉ ቆንጥራ ታወጣና በእጇ ጀርባ ላይ አሸት አድርጋ ታሸተዋለች፤ ለጋ ነው ወይስ በሳል፣ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ወይስ ንጹሕ ነው ብላ ትመረምራለች። በርበሬውንም እንደዚሁ ከጆንያው አፍ ሳይሆን እጇን ወደ ውስጥ ከትታ ከሥር ትዘግናለች። ነጋዴዋም በዚህ አትቀየምም፤ በገበያ መመርመር ነውር አይደለምና።

ዳሩ ግን ይህችው እመቤት በበዓል ዋዜማ ያንኑ ቅቤና በርበሬ በዘንቢል አስይዛ ወደ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሄደች እንደ ሆነ፣ ያ ሁሉ የመመርመር ዕውቀቷ ከበሩ ላይ ይቀራል። ስጦታዋን ታስረክባለች፤ ምርቃት ትቀበላለች፤ እንባዋን ጠርጋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለቅቤው የተደረገው ምርመራ ቅቤውን ለሚበላው ሰው አይደረግም። የዛሬው ንግግሬም በዚሁ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የሚሰጠው እንክብካቤ መልካም መሆኑና አለመሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ቃሉን እንመልከተው። ጦረ የሚለው ቃል ጾረ ከሚለው ከግዕዙ ግሥ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ተሸከመ ማለት ነው። እንግዲህ ጧሪ ማለት ተሸካሚ፣ ተጧሪ ማለት የሚሸከሙት ሰው፣ መጦሪያም የመሸከሚያ ቦታ ማለት ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየወሩ ከደመወዛችን ለሚቀነሰው ገንዘብ የሰጠነው ጡረታ የሚለው ስምም የዚሁ የቃል ቤተ ሰብ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ሠራተኛው ጉልበቱ ሲደክም የሚሸከመው አንድ ነገር እንዲኖረው ታስቦ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 እንደዚሁ የራሳቸውን የጡረታ ሕግ አገኙ። ነገር ግን በዚህች ከተማ በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ ስማቸው ሳይሰፍር ያረጁ ሰዎች እጅግ ብዙዎች ናቸው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሰው ልጅ ያሳደጉ፣ በቀን ሥራ ድንጋይ የተሸከሙ፣ በጉልት ሽንኩርትና ድንች የቸረቸሩ፣ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማው ሲያወርዱ ጉልበታቸውን የፈጁ እናቶች አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸከሙ የኖሩትን እነዚህን ሰዎች ማን ይሸከማቸው?

አባቶቻችን ሲመርቁ፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ይላሉ። ስለ እርጅናም ሲናገሩ፣ እርጅና ብቻህን ና ይላሉ፤ በሽታንና ድህነትን አስከትለህ አትምጣብኝ ማለታቸው ነው። በድሮው ዘመን ይህ ምርቃት የሚፈጸመው በልጅና በልጅ ልጅ ነበር። ዛሬ ግን ልጅ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ከነቤተ ሰቡ ተጣብቦ ይኖራል፤ ወይም በባዕድ ሀገር ሆኖ ገንዘብ ይልካል፤ ወይም ከወላጁ በፊት ሞቷል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልተወለደም። ስለዚህ መጦሪያ ቤት የልጅ ክፋት ብቻ የወለደው ነገር አይደለም። የኑሮ መለወጥ የወለደው ነው፤ ወደፊትም እየበዛ እንጂ እያነሰ የሚሄድ አይመስልም።

በዚህ ረገድ በከተማችን የተሠራውን መልካም ሥራ ሳላነሣ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ ጀምሮ በስድስት ኪሎ ባለው ቤታቸው በየመንገዱ የወደቁትን ሲያነሡ ኖረዋል። በከተማው ምሥራቃዊ ወገንም የክብር ዶክተር ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎችን በማንሣት የጀመሩት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያኖራል። መቄዶንያ የሚለው ስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የተጻፈውን፣ ተሻግረህ ድረስልን የሚለውን የተጨነቀ ሰው ጥሪ ያስታውሰናል። የማዕከሉም መሪ ቃል፣ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚል እንደ ሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ይህ መሪ ቃል እውነት ነው። የወደቀውን ከመንገድ ለማንሣት ሰው መሆን በቂ ነው፤ ዲፕሎማም፣ ሹመትም፣ ባለጠግነትም አያስፈልግም። ነገር ግን የተነሣውን ሰው በማግሥቱ፣ በወሩ፣ በዓመቱም በደኅና ለማኖር ከሰውነት በላይ ሌላ ነገር ይጠየቃል፤ ይኸውም ዕውቀት፣ በቂ እጅ፣ መዝገብና የሚያይ ዓይን ነው። እኛም ከውጭ ሆነን የምንሰጠው ሰዎች ከዘይቱና ከዱቄቱ ጋር ይህን የሚያይ ዓይን ይዘን መሄድ ይገባናል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሰዎቹን ከመንገድ ያነሣ ማን ነው? እኛ አላነሣናቸውም፤ ታዲያ ያነሣውን ሰው እንዴት አድርገህ ያዝኸው ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት አይሆንምን? ይህ አሳብ በውስጤም ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ አፌን ይዞኝ ኖሯል። አፌን ያስከፈተኝ ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን በበዓል ዋዜማ ስሙን ወደማልጠቅሰው ወደ አንድ መጦሪያ ቤት ሄድን። ወለሉ ታጥቧል፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ አረጋውያኑ ነጭ ለብሰው በግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ስኳሩንና ዘይቱን አስረከብን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ምርቃት ተቀብለን ተመለስን። እኔ ግን ጃንጥላዬን ረስቼ ኖሮ ከበዓሉ በኋላ በአንድ ተራ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ብቻዬን ተመለስሁ። ጃንጥላዬን ለመፈለግ ወደ አንድ ክፍል ስዘልቅ፣ በዋዜማው በግቢው ውስጥ ያላየኋቸውን፣ ከአልጋቸው መነሣት የማይችሉ አንዲት እናት አገኘሁ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ውኃ የሞላ ኩባያ ተቀምጧል። ኩባያው ንጹሕ ነው፤ ውኃውም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ከእጃቸው አንድ ክንድ ይርቃል።

«እማማ፣ ውኃ ጠጥተዋል?» አልኋቸው።

«የምታቀብለኝ ስትመጣ እጠጣለሁ፣ ልጄ። ብዙም አልጠጣ፤ ኋላ ለሽንቴ ማንን አስቸግራለሁ?» አሉኝ።

ኩባያውን አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። አስታማሚዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለሠላሳ አልጋ ብቻዋን ነበረች። በቤቱ መዝገብ ላይ በዚያ ቀን፣ ለሁሉም ውኃ ቀርቧል ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ሐሰት ነው ልል አልችልም፤ ውኃው ቀርቧልና። ነገር ግን ውኃ መቅረቡ አንድ ነገር ነው፤ ውኃ መጠጣቱ ሌላ ነገር ነው። በዋዜማው ስንመለስ ሁላችንም፣ እንዴት ያለ መልካም ቤት ነው ተባብለን ነበር። ያየነው ግን መቀመጥ የሚችሉትን፣ መናገር የሚችሉትን፣ መመረቅ የሚችሉትን ነበር። ቤቱ የሚመዘነው ግን በማይነሡት፣ በማይናገሩትና እኛ በማንኖርበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ምንድን ነው? በቤይሩት ከተማ ከአርመን ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ኋላም በአሜሪካ አስተማሪ የነበረ አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ባወጣው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት ነገሮች ሊመረመር እንደሚችል አስረድቷል። እነዚህም መዋቅር፣ አሠራርና ውጤት ናቸው። ዛሬ በብዙ ሀገር ሆስፒታልም መጦሪያ ቤትም ሲመረመር ከዚህ ሦስት ክፍል አይወጣም። ነገሩን በእኛ ቤት ምሳሌ ላስረዳ። እንጀራ ለመጋገር ምጣድ፣ ማገዶና ሊጥ ያስፈልጋል፤ ይህ መዋቅሩ ነው። ምጣዱን ማሰስ፣ እሳቱን መመጠን፣ ሊጡን አዙሮ ማፍሰስ፣ አክንባሎውን በጊዜው ማንሣት አሠራሩ ነው። ከምጣዱ የወጣው እንጀራ ዓይን ማውጣቱና አለማውጣቱ ደግሞ ውጤቱ ነው። መልካም ምጣድ ያላት ሁሉ መልካም እንጀራ አትጋግርም፤ ነገር ግን ያለ ምጣድ የምትጋግር የለችም።

በመጦሪያ ቤትም ሕንፃው፣ አልጋው፣ የአስታማሚው ቁጥር መዋቅር ነው። ጎብኚ የሚያየውና የሚያደንቀው ብዙውን ጊዜ ይህን ብቻ ነው። አጥቦ ማልበሱ፣ ማጉረሱ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መስጠቱ አሠራር ነው። ሰውዬው መክሳቱ ወይም መወፈሩ፣ መቁሰሉ ወይም መዳኑ፣ ማዘኑ ወይም መጽናናቱ ውጤት ነው። በውጤት መፍረድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመንገድ ሊሞቱ የደረሱትን የሚያነሣ ቤት ደኅና ደኅናውን መርጦ ከሚቀበል ቤት ይልቅ ብዙ ሙታን ቢቀብር ሊነቀፍ አይገባውም። መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ሰው ሲገባ እንዴት ነበር፤ ከገባ በኋላስ እንዴት ሆነ የሚለው ነው። ስለዚህ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሰው የገባበትን ቀንና ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ገጽ መዝገብ ከሌለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድለው ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ጎብኚ፣ ሊያያቸው የሚችሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ቆዳ ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሰዓት የተኛ እንደ ሆነ፣ አጥንቱ ሥጋውን ከፍራሹ ጋር አጣብቆ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ሥጋውም ይሞታል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ይህ ነው። የሚወጣውም አጥንት በጎላበት ቦታ፣ በታችኛው ወገብ፣ በዳሌ፣ በተረከዝና በክርን ላይ ነው። በነጮች ቆዳ ላይ መነሻው በመቅላቱ ይታወቃል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ስለማይጎላ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱን ወይም መጠጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል። መከላከያው በየሁለት ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ፣ ቆዳውን ከሽንትና ከላብ ማድረቅ፣ በደኅና መመገብ ነው። ስለዚህ፣ በዚህ ቤት የአልጋ ቁስል ያለበት ሰው አለ ወይ፤ ቁስሉን ይዞ ነው የገባው ወይስ እዚሁ ነው የወጣበት ብሎ መጠየቅ ከማናቸውም ጥያቄ ይልቅ የቤቱን ሌሊት ይገልጣል። በሌሊት ያገላበጠ ሰው መኖሩንና አለመኖሩን ቆዳው ይመሰክራልና።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ምግብ ተሠርቷል ማለት ተበልቷል ማለት አይደለም። ጥርስ ለሌለው ሰው ደረቅ ዳቦ፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው በትሪ የቀረበ እንጀራ፣ የሚያጎርሰው ካልተገኘ ለዓይን ብቻ የቀረበ ነው። የባለሞያዎች ልማድ፣ አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5፣ በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 10 የቀነሰ እንደ ሆነ አስጊ ነው ይላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ቢቀንስ ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሰው ሚዛንና አንድ ደብተር ነው። ለመጦሪያ ቤት ስጦታ ለማምጣት የምታስቡ ሁሉ፣ ከመቶኛው ኪሎ ስኳር በፊት አንድ ሚዛን መኖሩን ጠይቁ።

ሦስተኛው ውኃና መጸዳጃ ነው። ሰው ሲያረጅ የመጠማት ስሜቱ ይደክማል፤ ሰውነቱ ውኃ ሲፈልግ ጥሙ አይነግረውም። በዚህም ላይ እንደ ነገርኋችሁ እናት፣ ሽንት እንዳይመጣበት ፈርቶ ራሱን ያስጠማል። ከዚያም ይደክማል፤ አእምሮው ይወላገዳል፤ ሊነሣ ሲል ይወድቃል። አንድ ጊዜ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ አረጋዊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ እርምጃው አይመለስም። ስለዚህ ኩባያው ከእጁ ይደርሳልን፤ ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ደረቅ ነውን፤ ሌሊት መብራት አለበትን፤ የሚይዙት ድጋፍስ በግድግዳው ላይ አለን ብላችሁ እዩ።

አራተኛው ማሰርና ማፍዘዝ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም መርሳት የያዘው አረጋዊ ይቅበዘበዛል፤ ይጮሃል። እጅ ሲያንስ ቀላሉ መፍትሔ ማሰር ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት መስጠት ይመስላል። በአሜሪካ በ1987 የወጣው የመጦሪያ ቤቶች ሕግ ለአሠራር ምቾት ብሎ ሰውን ማሰርንም ሆነ በመድኃኒት ማደንዘዝን የከለከለው ይህ ልማድ ተስፋፍቶ ስለ ተገኘ ነው። እንግዲህ ጸጥታ ሁልጊዜ የመልካም ቤት ምልክት አይደለም። በቀትር ሁሉም ተኝቶ፣ ማንም ሳይናገር ያገኛችሁት ክፍል ሰላም ያለበት ሊሆን ይችላል፤ የፈዘዘም ሊሆን ይችላል። በሐኪም የታዘዘ ነው ወይ፤ ለምን ያህል ጊዜ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አምስተኛው ስምና ቃል ነው። አስታማሚው አረጋዊውን የሚጠራው በስሙና በአክብሮት ነውን ወይስ በአልጋ ቁጥሩ? አንቱ ይለዋልን? ልብሱን ሲለውጥ መጋረጃ ይጋርዳልን? ጾሙንና በዓሉን፣ ስግደቱንና ሶላቱን እንደ ሃይማኖቱ እንዲጠብቅ ይረዳዋልን? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ስለ አረጋውያን ባጸደቀው የመርሕ ሰነድ ነጻነትን፣ ተሳትፎን፣ እንክብካቤን፣ ራስን ማበልጸግንና ክብርን አምስት ዐበይት ክፍሎች አድርጎ ደንግጓል። እንክብካቤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የጠገበና የታጠበ ሰው ክብሩን ያጣ እንደ ሆነ ኑሮው ሙሉ አይደለም። የእግዚአብሔርም ሕግ ቃሉን የሰጠው አባትህንና እናትህን አብላ ብሎ ሳይሆን አክብር ብሎ ነው፤ ቅዱስ ቁርአንም በእርጅና የደከሙ ወላጆች አንዲት የመሰልቸት ቃል እንኳ ከልጃቸው እንዳይሰሙ ያዛል።

አሁን ደግሞ ሌሎች ሀገሮች በዚህ ነገር የደረሰባቸውን እንመልከት። የአሜሪካ መንግሥት በ2008 መጨረሻ ላይ ለመጦሪያ ቤቶች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት ጀመረ። ኮከቡም በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነበር፤ በመርማሪዎች ጉብኝት፣ በሠራተኞች ቁጥርና በነዋሪዎች ጤና። ጉብኝቱን የሚያደርጉት ከውጭ የሚመጡ መርማሪዎች ነበሩ፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ቤቶቹ ራሳቸው ያስታውቁ ነበር። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2014 ነገሩን መርምሮ፣ ብዙ ኮከብ ያገኙ አንዳንድ ቤቶች ጉድለት የተገኘባቸው መሆኑንና ኮከቡ በራሳቸው ቃል የቆመ መሆኑን ገለጠ። ከዚህ በኋላ የሠራተኛው ቁጥር በደመወዝ መዝገብ እንዲረጋገጥ ተደረገ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ነጋዴዋ ስለ ቅቤዋ የምትናገረውን ሰምታችሁ ብቻ አትግዙ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በስፔን በበረታበት በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ መጦሪያ ቤቶችን በመድኃኒት እንዲያጸዱ የተላኩ ወታደሮች በአንዳንድ ቤቶች ውስጥ ያለ ጠባቂ የተተዉ አረጋውያንን፣ ከእነርሱም በአልጋቸው ላይ የሞቱትን እንዳገኙ የሀገሪቱ የመከላከያ ሚኒስትር በይፋ ተናገሩ። ስፔን ደኻ ሀገር አይደለችም፤ ሕንፃው ነበረ፣ አልጋው ነበረ፣ ሕጉም ነበረ። ነገር ግን በበሽታው ፍርሃት በሩ ለዘመድ ተዘግቶ፣ ሠራተኛውም ታምሞና ሸሽቶ ነበር። የሚሠራው እጅና የሚያየው ዓይን በአንድ ጊዜ በጠፉበት ቤት ግድግዳው ማንንም አላዳነም።

አንዳንድ አድማጮች፣ እኛ ድሆች ነን፤ ይህ ሁሉ ሚዛን ለባለጠጎች ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ተገላብጦ አገኘዋለሁ። ከዘረዘርኋቸው ምልክቶች መካከል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው የትኛው ነው? ኩባያውን ወደ እጅ ማስጠጋት፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ በስም መጥራት፣ በወር አንድ ጊዜ መመዘን ዕብነ በረድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሰው እጅ ነው። እኛ ግን ስጦታ ስንሰጥ ወደ ዕቃው እንጂ ወደ እጁ አናስብም። ዘይትና ዱቄት መስጠት ደስ ይለናል፤ ለአንዲት የሌሊት አስታማሚ የወር ደመወዝ መስጠት ግን ፎቶግራፍ ስለማይነሣበት ነው መሰለኝ ብዙም አይታሰብም። ስለዚህ መመዘን ማለት መክሰስ ማለት አይደለም። የጎደለውን ማወቅ፣ ስጦታችንም በጎደለው በኩል እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህን የሚጠይቅ ጎብኚ ለቤቱ ጠላት ሳይሆን ከሁሉ የሚበልጥ ወዳጅ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 41፣ መንግሥት ዐቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዛል። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 በ1992 ዓ.ም. ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤም በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 2016 በዚህችው በአዲስ አበባ የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ፕሮቶኮል አጽድቋል። በጎ አድራጎት የሚሠሩ ድርጅቶችም በአዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. መሠረት በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን የሒሳብ መርማሪ የሚቆጥረው ብርን ነው፤ ዳቦው ተገዝቷል ወይ ይላል እንጂ ጥርስ ከሌለው አፍ ገብቷል ወይ ብሎ ሊመረምር አልተላከም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ቀርቦ የሚያይ ሰው ነው።

ያ ሰው ማን ይሁን ብትሉ፣ ወደ ምርቃታችን ልመልሳችሁ፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ። ከሁለቱ አንዱን፣ ቀባሪነትን፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በሚያስደንቅ ሥርዐት አደራጅተነዋል። ዕድሮቻችን ድንኳን አላቸው፤ ወንበርና ድስት አላቸው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አላቸው፤ በቀብር ያልተገኘውን በስሙ ጠርተው ይቀጣሉ። በሾላና በየካ፣ በኮተቤም ሆነ በከተማው ሁሉ ዕድር የሌለበት ሠፈር አይገኝም። ጧሪነትን ግን ለዕድል ትተነዋል። ለሞተው የምንሰለፍበት ተራ ላልሞተው ለምን አይኖርም?

ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ ላቅርብ። በአቅራቢያው መጦሪያ ቤት ያለ ዕድር ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ያለ የሠራተኞች ማኅበር ሁለት ሁለት ሰዎችን በተራ ይምረጥ። እነዚህም ከቤቱ አስተዳዳሪ ጋር በቅድሚያ ተስማምተው፣ በበዓል ሳይሆን በተራ ቀን፣ ሰዓቱን ሳያስታውቁ፣ አንዳንድ ጊዜም በማታ ይሂዱ። ከግቢው ሳይሆን በአልጋ ላይ ካሉት ይጀምሩ። ቆዳን፣ ክብደትን፣ ውኃን፣ ማሰርና ማፍዘዝን፣ ስምንና ክብርን የሚመለከቱትን አምስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። መልካም ያዩትን መልካም፣ የጎደለውን ጎደለ ብለው በደብተር ይጻፉ፤ መጀመሪያም ለአስተዳዳሪው ብቻ ያሳዩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመለሱ የጻፉትን ገልጠው ይዩ። የሕመምተኛውንም ምስጢር ይጠብቁ፤ ፎቶግራፍ አያንሡ። ይህ ከመንግሥት መርማሪ ሥራ የሚተካ አይደለም፤ ነገር ግን የመንግሥት መርማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ሲመጣ፣ ጎረቤት በየሳምንቱ ይመጣል።

አድማጮቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ማንኛችን በየትኛው አልጋ ላይ እንደምናርፍ አናውቅም። ዛሬ ማኅተም የሚመታ እጅ ነገ ኩባያ ለማንሣት ሊያቅተው ይችላል። በዚያን ጊዜ ስለ እኛ የሚመሰክርልን አንደበታችን አይሆንም፤ ገብቶ የሚያየን ሰው ነው። እኔ ያን ዕለት ጃንጥላዬን ረስቼ ባልመለስ ኖሮ፣ እነዚያ እናት መጠማታቸውን ሳላውቅ እስከ ዛሬ ያን ቤት ሳመሰግን እኖር ነበር። እንግዲህ የሚመጣው በዓል ሲያልፍ፣ በአንድ ተራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ሂዱ። ከሾላ ገበያ ቅቤውን ባትይዙ ግድ የለም፤ ቅቤ የምትመረምሩበትን ዓይን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

እግዚአብሔር ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን። ደኅና እደሩ።